ህዳጉ የት ሄደ?

ነገሩ የሚጀምረው ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 1991። ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው። በሥዕልና በጌጣጌጥ ጨረታ ስሙ የገነነው ሶዝቢስ በዚያ ሰሞን አዳራሹን ለቤዝቦል ካርዶች ከፈተ። ለሽያጭ የቀረበው በካሊፎርኒያ የስፖርት ዕቃ መደብሮች ባለቤት የነበረው የጄምስ ኮፕላንድ ስብስብ ሲሆን፣ በ873 ሎት፣ ማለትም ለየብቻ በሚጫረት ክፍል፣ ተከፋፍሏል። እንደተለመደው ከጨረታው ቀደም ብሎ ካታሎግ ታተመ፦ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ጋር መግለጫ፣ ከመግለጫው ጋር ያወጣል ተብሎ የተገመተው ዋጋ። ጨረታው ሲካሄድ ከስብስቡ ሁሉ የላቀው አንድ ካርድ ብቻውን 451 ሺህ ዶላር አወጣ። የገዙት የበረዶ ሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪና በጊዜው የሎስ አንጀለስ ኪንግስ ቡድን ባለቤት የነበረው ብሩስ ማክኖል ናቸው። ጋዜጦች የዋጋውን ነገር አንስተው ሲጥሉ ሰነበቱ። ካታሎጉን ግን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? የተዘጋጀው ዕቃ ለመሸጥ ነው፤ ዕቃው ተሸጠ፤ በቃ።

ይህ አስተሳሰብ ትልቅ ስህተት መሆኑ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። እንዴት እንደታወቀ ለመረዳት መጀመሪያ ካርዱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ቁመቱ 6.7፣ ወርዱ 3.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ወደ ብርቱካን በሚያደላ መደብ ላይ አንድ ጎልማሳ ከደረቱ በላይ ተስሏል። ፀጉሩ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ተበጥሯል፤ ፊቱ ኮስተር ያለ ነው፤ በማሊያው ደረት ላይ የከተማው ስም፣ ፒትስበርግ፣ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። ዙሪያውን ነጭ ህዳግ ይከበዋል። በታችኛው ህዳግ ላይ ደግሞ በቡናማ ቀለም የተጫዋቹና የከተማው ስም ሰፍሯል። ሰውየው ሆነስ ዋግነር ነው፤ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ተጫዋች፣ በመምታት ችሎታ ስምንት ጊዜ የሊጉ ቀዳሚ የሆነ፣ በ1936 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አንዱ።

ካርዶቹን ያሳተመው የአሜሪካ የትንባሆ ኩባንያ ነው። ከ1909 እስከ 1911 ድረስ በየሲጋራው ፓኮ ውስጥ አንዳንድ ካርድ እየከተተ ሸጠ። በፊት ለፊቱ ተጫዋች፣ በጀርባው የሲጋራ ማስታወቂያ። ከአምስት መቶ በላይ ዓይነት ካርድ ወጣ፤ የአብዛኛው ቅጂ እንደ አሸዋ ነው። የዋግነር ግን ጥቂት እንደታተመ ቆመ፤ ዋግነር በሥዕሉ እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ነበርና። ልጆች ካርዱን ፍለጋ ሲጋራ እንዳይገዙ አስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ በክፍያ ስላልተስማማ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው ቅጂ ስልሳ አካባቢ ነው።

እነዚህን ካርዶች ስም ሰጥቶ፣ በፈርጅ ከፋፍሎ፣ በቁጥር ያስቀመጠው ሰው ጀፈርሰን በርዲክ ይባላል። የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሰው፣ በሲራክዩስ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ በመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቹ የተቆለመሙ፣ ትዳር ያልመሠረተ፣ ዕድሜውን ሁሉ ለካርድ የሰጠ። በ1930ዎቹ ማለቂያ የጀመረው ዝርዝር በ1946 «የአሜሪካ ካርድ ካታሎግ» በሚል ስም ወጣ። የዋግነር ካርድ የሚገኝበት ምድብ ዛሬም «ቲ206» የሚባለው እሱ ስለጠራው ነው፤ «ቲ» ትንባሆን ያመለክታል፤ 206 ተራ ቁጥር ነው። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የሚሆነውን ስብስቡን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አበረከተ። በሙዚየሙ ተቀምጦ በዚያ በታመመ እጁ አንድ በአንድ በአልበም ላይ ሲለጥፍ ዓመታት አሳለፈ፤ በጃንዋሪ 1963 ጨረሰ፤ በማርች ሞተ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሰዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ማዕረግ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን የወረቀት ቁራጭ ለታሪክ የሚበቃ ሰነድ አደረገው።

በርዲክ የጀመረውን ትንሽ የሰብሳቢዎች መጽሔት በኋላ የተረከበው ቻርልስ ብሬይ የሚባል የፔንሲልቫኒያ ሰው ነው። ብሬይ በፖስታ ጨረታ ያካሂድ ነበር። ዝርዝሩ ይላካል፤ ሰብሳቢው ዋጋውን ጽፎ ይመልሳል፤ የበለጠ የጻፈ ያሸንፋል። በዚያ ዘመን ዝርዝር ላይ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የለም። የምድቡ ስም፣ የተጫዋቹ ስም፣ «ጥሩ» ወይም «ደህና» የሚል አንድ ቃል፤ ይኸው ነው። ከዚያ ዝርዝር ምን ምን እንደተሸጠ ማወቅ ይቻላል። የተሸጠው ካርድ ዛሬ በእጃችን ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ ግን አይቻልም። ይህ ልዩነት የታሪኩ ማጠንጠኛ ነው።

አሁን ወደዚያ 451 ሺህ ዶላር ወዳወጣው ካርድ ልመለስ። ኮፕላንድ እጅ ከመግባቱ በፊት የነበረው ቢል ማስትሮ በሚባል ነጋዴ ዘንድ ነው። ማስትሮ ካርዱን በ1985 በሎንግ አይላንድ፣ ሂክስቪል በምትባል ቦታ ከአንድ ሰው በ25 ሺህ ዶላር ገዛው፤ በ1987 ለኮፕላንድ በ110 ሺህ ዶላር ሸጠው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተሸጉጦ የወጣ፣ ልጆች እየተቀባበሉ ያሹት ወረቀት በሰማንያ ዓመቱ እንዲህ ማዕዘኑ ስል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሆኖ ሲገኝ አንዳንድ አሮጌ ሰብሳቢዎችን አላስደሰታቸውም። ተከርክሟል የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። በዚህ ዓለም ካርድ መከርከም ትልቅ ነውር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ካርድ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጎዳው ማዕዘኑ ነው፤ ይደፈጠጣል፤ ክብ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ከጎን ሲላጭ አዲስ ማዕዘን ይወጣል። ካርዱ ወጣት ይመስላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል።

ሹክሹክታ ማስረጃ አይደለም። በ1991 ደግሞ ሹክሹክታውን ዝም የሚያሰኝ ነገር መጣ። ፒ ኤስ ኤ የሚባል ድርጅት ካርዶችን እየመረመረ፣ ከ1 እስከ 10 ደረጃ እየሰጠ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ እያሸገ መመለስ ጀመረ። የግሬትስኪ ካርድ በዚያ ድርጅት የመጀመሪያው ደረጃ የተሰጠው ካርድ ሆነ፤ የመለያ ቁጥሩም 1 ነው። ደረጃው 8። የተከረከመ ካርድ በራሱ በድርጅቱ ደንብ ደረጃ ሊሰጠው አይገባም፤ ስለዚህ 8 ከተሰጠ አልተከረከመም ማለት ነው፤ ክርክሩ እዚህ ላይ መዘጋት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ካርዱን ማንም በእጁ ዳስሶ፣ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር መርምሮ ሊከራከር አይችልም፤ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቷል።

እዚህ ላይ ነው ያ የተረሳ ካታሎግ ትርጉም ማግኘት የጀመረው። የሶዝቢስ ጨረታ የተካሄደው በማርች ነው፤ ካርዱ በፕላስቲክ የታሸገው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የኮፕላንድ ካታሎግ ካርዱን እርቃኑን፣ ከነሙሉ ጠርዙ ያሳያል። ሌሎች ካርዶችም እንዲሁ። ደረጃ ማውጣት ሥራ ሆኖ ከመስፋፋቱ በፊት የወጡ ካታሎጎች ሁሉ፣ በየሰው መደርደሪያ አቧራ የጠጡት፣ ካርዶቹ «ከመታደሳቸው» በፊት የተነሡት ፎቶግራፍ ናቸው። ይህን ያስተዋሉ ሰብሳቢዎች የድሮ ካታሎግ መፈለግ ጀመሩ። በቅርጫት የሚሸጠውን በደርዘን ገዙ፤ የሞተ ሰብሳቢ ቤተሰብ የሚያወጣውን ካርቶን ሙሉ ወረቀት ተሸከሙ።

ታዲያ ከአንድ የድሮ ፎቶግራፍ ምን ይገኛል? ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። የተጫዋቹ ሥዕል የታተመው በሊቶግራፊ ነው፤ በድንጋይ ላይ ተስሎ፣ ቀለም በቀለም ላይ እየተደራረበ። አንድ ሥዕል ስንት ሺህ ጊዜ ቢታተም የሥዕሉ ስፋት አይለወጥም። የሚለወጠው ቆረጣው ነው። ትልቁ የታተመ ወረቀት በካርድ በካርድ ሲቆረጥ ቢላዋው አንዱ ጋ ወደ ግራ፣ ሌላው ጋ ወደ ቀኝ ትንሽ ያጋድላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ የሆነ የህዳግ ልክ አለው፦ ግራው ሰፊ፣ ቀኙ ጠባብ፣ ላዩ እንዲህ፣ ታቹ እንዲያ። በፎቶግራፉ ላይ የሥዕሉን ስፋት ትለካለህ፤ የህዳጉን ስፋት ትለካለህ፤ አንዱን ለሌላው ታካፍላለህ። ፎቶግራፉ ቢያንስም ቢተልቅም ውጤቱ አንድ ነው። አሁን በገበያ ላይ ያለውን ካርድ ፎቶግራፍ አምጥተህ ያንኑ ታደርጋለህ። ሥዕሉ ያው ሆኖ ህዳጉ ከቀነሰ ወረቀት በራሱ አይሸሽም፤ የሆነ ሰው ቆርጦታል።

ካርዱ ያው ካርድ መሆኑን በምን እናውቃለን? በጠባሳው። አንዷ ቀለም ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ ከታተመች የከንፈሩ ቀይ ከከንፈሩ መስመር ይወጣል፤ መጠኑም ከካርድ ካርድ ይለያያል። በመደቡ ላይ ከህትመቱ ጊዜ የቀረች ነጭ ነጥብ ትኖራለች። ታጥፎ የነበረ ማዕዘን፣ የእርጥበት ቦታ፣ በአልበም ላይ ተለጥፎ የነበረ ካርድ ከጀርባው የሚይዘው የሙጫ ምልክት አለ። ከእነዚህ ሦስት ወይም አራቱ በአንድ ቦታ ከገጠሙ ሌላ ካርድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሥራው ግን አድካሚ ነው። ካታሎግም የራሱ ህትመት አለው፤ ፎቶግራፉ በጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ሲጠጉት የሚታየው የካታሎጉ ነጠብጣብ እንጂ የካርዱ አይደለም። ስለዚህ ከቀጭን ነገር ይልቅ ጎላ ያለውን፣ ማለትም ህዳግን፣ ስብራትን፣ የቀለም መፈናቀልን መከተል ግድ ይላል። ርካሽ ካታሎጎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አሥር ካርድ በአንድ ፎቶግራፍ ደርድረው ጫፍ ለጫፍ ያነባብሩታል። ከሁሉ የሚያናድደው ጀርባው አለመታየቱ ነው። በቲ206 ዓለም ጀርባው ግማሽ ነገሩ ነው፤ የፒድሞንት ሲጋራ ማስታወቂያ ያለበት ዋግነር የስዊት ካፖራል ካለበት በቁጥር እጅግ ያንሳል፤ የግሬትስኪ ካርድ ጀርባው ፒድሞንት ነው። ካታሎጉ ፊቱን ብቻ አሳይቶ ስለ ጀርባው ዝም ሲል መዝገቡ ጎደሎ ይሆናል። የበርዲክ አልበሞችም ይኸው ችግር አለባቸው፦ በፍቅር የለጠፋቸው ካርዶች ጀርባቸውን ለተመራማሪ አይሰጡም።

መግለጫውን ማንበብም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሻጭ ዕቃውን ማሞገሱ አይቀርም፤ ሆኖም ገዢ በኋላ እንዳይከሰው እያንዳንዷን ጉድለት ለመጥቀስ ይገደዳል። የካታሎጉ እውነት ያለው በዚያች በተገደደባት ሐረግ ውስጥ ነው። በታችኛው ግራ ማዕዘን ቀለል ያለ እጥፋት አለ ብሎ የጻፈው የድሮ ካታሎግና እጥፋቱን ሳይጠቅስ በከፍተኛ ደረጃ የሚሸጠው አዲስ ካታሎግ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄው በራሱ ይነሣል። ከጨረታ በኋላ በተለየ ወረቀት የሚላከው የሽያጭ ዋጋ ዝርዝርም አለ። ትንሽ ወረቀት ስለሆነች ቶሎ ትጠፋለች፤ ያለ እሷ ካታሎጉ የሚነግረን የተገመተውን እንጂ የተከፈለውን አይደለም። ካታሎግ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው እሷ መሃል ላይ መኖሯን ለማየት ነው፤ የድሮው ባለቤት በእርሳስ ከየሎቱ አጠገብ ዋጋውን ጽፎ ከተገኘ ደግሞ ደስታው እጥፍ ነው።

ይህ የማመሳሰል ሥራ ያልታሰበ ሁለተኛ ፍሬ አፈራ፤ ቆጠራ። አንድ ብርቅ ካርድ በሃያ ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ ለጨረታ ቢቀርብ አሥር ቅጂ ያለ ይመስላል። ፎቶግራፎቹ ሲመሳሰሉ ግን አራቱ አንድ ካርድ፣ ሦስቱ ሌላ አንድ ካርድ ሆነው ይገኛሉ። ከየት ተነሥቶ በማን በኩል አልፎ የት እንደደረሰም ይታወቃል። ዋግነሮቹ ዛሬ በስም የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ህዳጉ ከሌሎቹ የሰፋው «ጃምቦ» ይባላል፤ የግሬትስኪው እስከ ዛሬ በግሬትስኪ ስም ይጠራል። በየትኛውም ካታሎግ ላይ የማይገኝ ዋግነር ሲወጣ ደግሞ አገር ይሰማል። በ2010 የሆነው ይኸው ነው፤ ባልቲሞር የሚገኙት የኖተርዳም ትምህርት ቤት መነኮሳት አንድ ዋግነር በኑዛዜ ደረሳቸው። አውራሹ የሟች መነኩሴ ወንድም ነበር፤ ካርዱ ከ1936 ጀምሮ በእጁ ነበር፤ የተገኘውም በባንክ ካዝና ውስጥ ነው። በላስቲክ ተለብዷል፤ ስብራት አለበት፤ ከአራቱ ነጭ ህዳጎች ሦስቱ ተቆርጠዋል። ይህ ሁሉ ሳይሸሸግ ተጽፎ ለጨረታ ቀረበና ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ፤ ገንዘቡ ለመነኮሳቱ በጎ ሥራ ዋለ። የተቆረጠ ህዳግ ሳይደበቅ ሲሸጥም ገዢ አያጣም።

የጆ ዶይል ካርድ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዶይል በኒውዮርክ የአሜሪካን ሊግ ቡድን ተጫዋች ነበር። አታሚዎቹ በናሽናል ሊግ ከሚጫወተው ከላሪ ዶይል ጋር አምታተውት ከስሙ ቀጥሎ «ኒውዮርክ፣ ናሽናል» ብለው አተሙ፤ ወዲያው ስህተቱን አይተው «ናሽናል» የምትለውን አጠፏት። ስህተቱ ያለባቸው በጣት የሚቆጠሩ ካርዶች ብቻ ወጡ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ማንም ልብ አላላቸውም። ልዩነቱ ሲታወቅ ዋጋቸው ከተራው ዶይል ጋር የማይገናኝ ሆነ። በተራው ዶይል ላይ ያችን የጎደለች ቃል ጨምሮ ለማተም የሚሞክር አጭበርባሪም አልጠፋም። ገዢ እጅ ላይ ያለው መከላከያ አንድ ነው፤ የታወቁትን እውነተኛ ካርዶች የየካታሎጉን ፎቶግራፍ ሰብስቦ ፊደሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ ከእያንዳንዳቸው ጋር ማነጻጸር።

የግሬትስኪ ካርድ በዚህ መሃል ጉዞውን አላቋረጠም። በ1995 በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ የዎልማርት መደብሮች የዕጣ ሽልማት ሆነ። በ1996 ዕጣው ለአንዲት የፍሎሪዳ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ወጣ፤ ግብሩን መክፈል ስላልቻለች በክሪስቲስ በኩል ለጨረታ አቀረበችው፤ 641,500 ዶላር አወጣ። በ2000 ደግሞ 1.265 ሚሊዮን። በ2007 መጀመሪያ 2.35 ሚሊዮን፤ በዚያው ዓመት የአሪዞና ዳይመንድባክስ ቡድን ባለቤት ኬን ኬንድሪክ በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በተሸጠ ቁጥር ፎቶግራፉ ወጣ፤ በተሸጠ ቁጥር ሹክሹክታው አብሮ ታደሰ።

እዚህ ላይ ግን የካታሎግ ፈላጊዎቹ ሥራ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። የ1991ን፣ የ1996ንና የ2000ን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ህዳጉ በሁሉም ላይ አንድ ነው። ካርዱ በካታሎግ ላይ ከወጣ በኋላ የነካው የለም። መቀስ አርፎበት ከሆነ ያረፈው ከ1991 በፊት ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የትኛውም የጨረታ ካታሎግ አላሳየውም። በግል ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ካርድ ነበር። የሚነጻጸርበት ጠፋ፤ ጥርጣሬው ጥርጣሬ ሆኖ ዓመታት ተቀመጠ።

የተፈታው በሌላ በር ነው። ማስትሮ ራሱ ትልቅ አጫራች ሆኖ ነበር፤ በወፍራም ካታሎጎቹ የታወቀ። ኤፍ ቢ አይ ድርጅቱን የመረመረው ዋጋ ለመስቀል የሐሰት ተጫራች ያስገባል በሚል ነው። በ2007 ሁለት የኒውዮርክ ጋዜጠኞች ስለ ካርዱ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በመጽሐፉም ለካርዱ ደረጃውን ከሰጡት የፒ ኤስ ኤ ሰዎች አንዱ ካርዱ መቆረጡን በዚያኑ ጊዜ ያውቅ እንደነበር ተናገረ። በ2012 ማስትሮ ተከሰሰ። ኦክቶበር 2013 ቺካጎ በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ቀርቦ በማጭበርበር ጥፋተኝነቱን አመነ፤ በዚያው የዋግነርን ካርድ የጎን ህዳጎች የቆረጠው እሱ መሆኑን ተናዘዘ። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። ካርዱ ከተገዛበት ከ1985 እስከ ኑዛዜው 28 ዓመት ነው። ካርዱ ከመቆረጡ በፊት የተነሣ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ በአንድ ካታሎግ ላይ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት በኋላ በማስመሪያ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ2019 የሆነው በትክክል ይኸው ነው። ለሥራው ፍቅር ሲሉ የሚሠሩ ሰብሳቢዎች ከድሮ ካታሎጎችና ከቆዩ የሽያጭ ፎቶግራፎች ጋር በቅርብ ጊዜ በከፍተኛ ደረጃ ታሽገው የተሸጡ ካርዶችን ማነጻጸር ጀመሩ። አንዱ ካርድ በፊት ማዕዘኑ የተደፈጠጠ፣ ህዳጉ ሰፊ፤ አሁን ማዕዘኑ ስል፣ ህዳጉ ጠባብ። ሌላው በፊት እድፍ ያለበት፤ አሁን የጸዳ። ሦስተኛው እጥፋቱ ተደምስሷል። ያው የቀለም መፈናቀል፣ ያቺው ነጭ ነጥብ፣ ያው ካርድ። ቁጥሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መቶዎች ወጣ። ታላላቅ ጋዜጦች ጻፉበት፤ ኤፍ ቢ አይም ምርመራ ጀመረ። የማንም ኑዛዜ አላስፈለገም። ካርዱን ይመረምራሉ የተባሉት ባለሙያዎች በእጃቸው ይዘው ያላዩትን፣ በመደርደሪያቸው የድሮ ወረቀት ያከማቹ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው አዩት።

ካታሎግ የሚያጋልጠው መቀስን ብቻ አይደለም። በ2009 ለአንድ ጨረታ በወጣ ካታሎግ ላይ ለሃሪ ራይት የተጻፉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎች ታዩ። ራይት የመጀመሪያውን ደመወዝተኛ የቤዝቦል ቡድን የመራ ሰው ነው፤ ወረቀቶቹ በ1921 ለኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተሰጠው የስፖልዲንግ ስብስብ ውስጥ ነበሩ። የታሪክ ተመራማሪዎች ካታሎጉን አይተው እነዚህ ከቤተ መጻሕፍቱ የወጡ አይደሉም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ኤፍ ቢ አይ ገባበት። የሰረቀ ሰው ለመሸጥ ማሳየት አለበት፤ ካሳየ ደግሞ ታትሞ ይቀራል።

አሁን አጫራቾች የሽያጭ መዝገባቸውን በኮምፒውተር ስለሚያስቀምጡ ያለፉት ሃያ ዓመታት ፎቶግራፎች በቀላሉ ይገኛሉ፤ የካርዱ ፊትም ጀርባም በትልቁ ይታያል። ከዚያ በፊት ያለው ዘመን ግን አሁንም በወረቀት ላይ ነው። ተዘግተው ስማቸው የተረሳ ትንንሽ አጫራቾች ነበሩ፤ በስልክና በፖስታ የሚሸጡ፣ ካታሎጋቸው ከጥቂት መቶ ሰው በላይ ያልደረሰ። እነዚያን አንድ በአንድ ፈልጎ፣ ገጹን ሳይሰብር ገልጦ፣ በስካነር አንሥቶ፣ ሎቱን ከሎት እያያዘ የሚመዘግብ ድርጅት አላውቅም፤ የሚሠሩት ግለሰቦች ናቸው፣ በየራሳቸው ጠረጴዛ ላይ። የአብዛኞቹ ዕድሜ ገፍቷል። ልጆቻቸው ካርዶቹን ለመሸጥ ወደ አጫራች ይደውላሉ፤ ካታሎጎቹ ያሉበትን ካርቶን ግን ለቆሻሻ መኪና ያወጡታል። እኔ የምለምነው ይህን ካርቶን ነው። የዋግነርን ካርድ ወራሹ አይጥለውም፤ በዓለም የታወቀ ነው። የ1983ቱን ሃምሳ ገጽ ጥቁርና ነጭ ዝርዝር፣ ከመሃሉ የዋጋ ወረቀቷ ያልጠፋችበትን፣ እሱን አትጣሉት።